ደንበኛዬ ታሪኩን ቀየረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ በተከላካይ ጠበቃነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። በቅርቡ የመጀመሪያዬ የሆነ የግድያ መዝገብ ተመራልኝ፤ ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540፣ በተራ ግድያ ነው። ደንበኛዬ በዚያው ሌሊት በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን የሰጠ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሳነጋግረው ከሟች ጋር ቂም እንደነበራቸው፣ ከመጠጥ ቤት እስኪወጣ ጠብቆ እንደመታው ነገረኝ። እኔም ሕጉን አስረዳሁት፤ በተራ ግድያና በቀላል ግድያ መካከል ያለውን ልዩነት ከነቅጣቱ ነገርኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ሌላ ታሪክ ጠበቀኝ። ሟች አባቱን ሰድቦበት፣ ደሙ ፈልቶ፣ የሚያደርገውን አጥቶ እንደነበር አጫወተኝ። ስለ ስድቡ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባዬ ‹ጠበቃ ሁሉ ሊያየው ይገባል› ብሎ ‹አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር› የሚባል የድሮ ፊልም አዋሰኝ። አይቼው እንቅልፍ አጣሁ። በፊልሙ ያለው ጠበቃ ያደረገውን እኔም ያደረግሁ መሰለኝ። ሐሰቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ? ይህን ታሪክ ይዤ ችሎት ልቁም? በዚህ ላይ ጡረታ የወጣው መምህሩ አባቴ ‹የነፍሰ ገዳይ ጠበቃ እንድትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?› እያለ ያኮርፈኛል። ምን ይመክሩኛል?
እንቅልፍ ያጣሁት ተከላካይ»

ልጄ፣

መጀመሪያ ልቆጣሽ። ደብዳቤሽ ከላይ ከታተመው እጅግ የረዘመ ነበር። የከተማውን ስም፣ የመጠጥ ቤቱን ስም፣ የሟችን ሥራ፣ ነገሩ የደረሰበትን የበዓል ዋዜማ ሳይቀር ዘርዝረሻል። ደንበኛሽን ሊያስለይ የሚችለውን ሁሉ ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ከቀረውም ጥቂቱን ለውጬዋለሁ። ታሳሪ ለጠበቃው የነገረው ነገር የጠበቃው ንብረት አይደለም። ለጋዜጣ ቀርቶ ፊልሙን ላዋሰሽ ባልደረባም እንዲህ ተዘርዝሮ አይነገርም። ምክር ሲያስፈልግሽ ስምና ቦታ ሳትጠሪ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም» ብለሽ አንጋፎቹን ጠይቂ። በዚህ ተቆጥቻለሁ፤ በቀረው ከጎንሽ ነኝ።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። ኦቶ ፕሬሚንገር በ1959 የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ የፊልሙን ዓመታት የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ርዝመቱ 160 ደቂቃ ነውና ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። ቦታው በሰሜን አሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ጫካና ሐይቅ የበዛበት ቀዝቃዛ አገር ነው። የችሎቱ ክፍል በማርኬት ከተማ የሚገኘው እውነተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፖል ቢግለርን ሆኖ የሚጫወተው ጀምስ ስቱዋርት ነው። ቢግለር በምርጫ ተሸንፎ ከዐቃቤ ሕግነት የወረደ፣ ከመዝገብ ይልቅ ዓሣ ማጥመድ የሚቀናው፣ የጸሐፊውን ደመወዝ እንኳ መክፈል ያቃተው ጠበቃ ነው። ሌተና ማኒየን የሚባል የጦር መኮንን የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት የሆነውን ባርኒ ክዊልን በሰው ፊት በጥይት ገድሎ ታስሯል። ሚስቱ ሎራ «ክዊል ደፍሮኛል» ትላለች። መግደሉን ማንም አይክድም። ክርክሩ በምን ምክንያትና በምን የአእምሮ ሁኔታ ገደለ የሚለው ነው።

እንቅልፍ የነሣሽ ትዕይንት የትኛው እንደሆነ ባትነግሪኝም አውቀዋለሁ። ቢግለር መጀመሪያ መኮንኑን ሲያነጋግረው ሰውየው ኩራተኛና ቀዝቃዛ ሆኖበት ይወጣል። ፓርኔል ማካርቲ የሚባል መጠጥ የጣለው ሽማግሌ ጠበቃ፣ የልብ ወዳጁ ነው፣ ያገኘውና «ያን ትምህርት ሰጠኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢግለር ያመነታል። ሽማግሌው «ለዚህ ሙያ ንጽሕናህ በዝቶ እንዳይሆን» በሚል ዓይነት አነጋገር ይሸነቁጠዋል። ቢግለርም ተመልሶ ይገባል።

ለግድያ ክስ አራት መከላከያ አለ ይለዋል። አንደኛ፣ ግድያ አይደለም፤ ሟች ራሱን አጥፍቷል፣ ወይም ድንገተኛ አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ሦስተኛ፣ ሕግ ይፈቅድልኛል፤ ራሴን ወይም ቤቴን ስከላከል ነው። አራተኛ፣ ከተጠያቂነት የሚያድን ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ «የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንተን አይመለከቱህም» ይለዋል። መኮንኑ «ሚስቴን የደፈረን ሰው መግደል እንዴት ሕጋዊ አይሆንም?» ብሎ ይሟገታል። ጠበቃው ጊዜውን ያነሣበታል፤ በድርጊቱ ላይ አልያዝከውም፣ ፖሊስ ለመጥራት ጊዜ ነበረህ፣ አልጠራህም። ታዲያ ምን ዓይነት ምክንያት አለ ሲለው ደግሞ «እኔ ምን አውቄ! የገደልከው አንተ» ይለዋል። መኮንኑ ያስባል። «ሳላብድ አልቀረሁም» ይላል። ጠበቃው «ቁጡነት ምክንያት አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል። «አእምሮዬን ስቼ ነበር ማለቴ ነው» ይላል፤ ቀጥሎም ተጠጋሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቢግለር ለዚህ መልስ አይሰጥም። ሲለየው ግን «ሚስትህን እስካነጋግር ድረስ ምን ያህል አብደህ እንደነበር ለማስታወስ ሞክር» ይለዋል።

ይህን የፊልም ጸሐፊ ለማጣፈጥ የፈጠረው እንዳይመስልሽ። ፊልሙ የተነሣበትን ልብ ወለድ ሮበርት ትሬቨር በሚል የብዕር ስም የጻፈው ጆን ቮልከር፣ በዐቃቤ ሕግነትም በጠበቃነትም የሠራ፣ መጽሐፉ በ1958 ሲወጣ የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ነው። መነሻው በ1952 ቢግ ቤይ በምትባል መንደር መጠጥ ቤት ውስጥ የተፈጸመና እርሱ ራሱ ተከላካይ ሆኖ የቆመበት የግድያ ጉዳይ ነው። ጠበቆች በራቸውን ዘግተው የሚያደርጉትን በሁለቱም ወገን ተቀምጦ ያየ ሰው ነው የጻፈው። ለዚህም ይመስለኛል ትዕይንቱ ማንንም ሳይኮንን እንዲህ የሚያስጨንቀው።

አሁን ያንቺን ከእርሱ ጋር እናስተያየው። ቢግለር ሕጉን መናገሩ አያስወቅሰውም። ሕጉን የማያውቅ ተከሳሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ሕጉን መንገር ግዴታሽ ነው፣ ባትነግሪው ኖሮ የምቆጣሽ በዚያ ነበር። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቢግለር የሰውየውን ሙሉ ቃል ሳያደምጥ ሦስቱን በር አንድ በአንድ እየዘጋ ያሳየዋል፤ አራተኛውን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያ እስኪገባበት ድረስ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ያላት ያቺ «ለማስታወስ ሞክር» ደግሞ ትእዛዝ ናት። አንቺ መጀመሪያ ጠየቅሽ፣ ሰማሽ፣ ከዚያ ሕጉን ተናገርሽ። የመጀመሪያውን ቃሉን በማስታወሻሽ ላይ ጽፈሽ ከሆነ፣ በቀን ጽፈሽ ከሆነ፣ ከቢግለር ብዙ ርቀሽ ነው ያለሽው። አልጻፍሽው ከሆነ ይህን ዓምድ አስቀምጪና አሁኑኑ ጻፊው።

ስለዚህ ሐሰቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ወይ ለሚለው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ አይደለሽም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ ሐሰት መሆኑን በምን አወቅሽ?

ታሪክ መቀየር ሁልጊዜ መዋሸት አይደለም። በእኛ አገር ሰው አባቱ የተሰደበበትን ስድብ ለማያውቃት ወጣት ሴት፣ ያውም ጠባቂ በአጠገቡ ቆሞ፣ በመጀመሪያው ቀን ደፍሮ ላይናገር ይችላል። ስድቡን መድገም ራሱ ሁለተኛ ውርደት ነው። እንዲያውም «ጠብቄ መታሁት» ብሎ እንደ ወንድ መናገር «ሰድቦኝ አልቅሼ ነበር» ከማለት የሚቀልለው ሰው ብዙ ነው። ለፖሊስ የሰጡትን ቃል ደግመው ደጋግመው ስለሰሙት ብቻ ለጠበቃም እርሱኑ የሚያነበንቡም አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንቺ አፍ 541፣ የቀላል ግድያው አንቀጽ፣ ሲወጣ ጆሮው ቆሞ፣ ማታ ክፍሉ ውስጥ ከአብረውት ታሳሪዎች ጋር ተማክሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማረሚያ ቤት ውስጥ ያለዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ የሆነ ሰው ሞልቷል።

የትኛው እንደሆነ በሁለት መንገድ ትመረምሪያለሽ። የመጀመሪያው እንደገና ማነጋገር ነው። ስድብ የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪ። ከጠዋት ጀምሮ ቀኑን እንዲነግርሽ አድርጊ። ምን በላ? ከማን ጋር ወጣ? መጠጥ ቤቱ ውስጥ የትኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሟችስ? ቀድሞ የተናገረው ማነው? አስተናጋጇ በዚያ ሰዓት የት ነበረች? ሌላ ሰው ሳቀ ወይስ ገላገለ? ፈጥሮ የመጣ ሰው ስድቡን አሳምሮ ይዞ ይመጣል፤ በዙሪያው ያለውን ግን ረስቶታል። ስድቡ ተሰቅሎ የሚቀርበት ግድግዳ የለውም። የእውነት የሆነበት ሰው ግን ሳትጠይቂው እንኳ «ሬዲዮው ይጮህ ስለነበር ደግሞ ነው የተናገረው» ይልሻል።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ቃል፣ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጪ። ቁስሉ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ሟች ከመጠጥ ቤቱ ሲወጣና ሲመታ መካከል ምን ያህል ደቂቃ አለፈ? እዚህ ላይ ፊልሙ የሚያስተምረው ትልቅ ነገር አለ። ብዙ ተመልካች ቢግለር በአንደበቱ ያሸነፈ ይመስለዋል። ያሸነፈው ግን ከሽማግሌው ጋር በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በ1886 የተሰጠ አንድ የሚሺጋን ፍርድ ያገኘ ለት ነው። ሰውየው ክፉና ደጉን ቢለይም እንኳ ሊቋቋመው በማይችል ግፊት ተይዞ ከሆነ ከተጠያቂነት የሚድንበትን በር ያ ፍርድ ከፍቶለታል። ሌላው ድል ደግሞ ያ ሰካራም የሚሉት ፓርኔል መኪና ነድቶ ድንበር ተሻግሮ፣ አደጋ ደርሶበትም፣ ይዞት የመጣው መረጃ ነው። በችሎቱ ውስጥ የምናየው ንግግር የዚህ ልፋት ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። አንቀጽ 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው፤ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ልዩነቱ ለወጣት ሰው የዕድሜ ልዩነት ነውና ልጁ ቢጎመጅ አይፈረድበትም። ነገር ግን 541 ስድብ ስለተሰማ ብቻ የሚከፈት አንቀጽ አይደለም። ነገሩ ከባድ ማነሣሣት መሆን አለበት፣ ሰውየውም በዚያው ድንጋጤ ወይም ብርቱ ስሜት ውስጥ ሳለ የፈጸመው መሆን አለበት፣ ሁኔታውም ስሜቱን በመጠኑ ይቅር የሚያሰኝ መሆን አለበት። ደንበኛሽ ግን ጠብቆ ነው የመታው። ያቺ የመጠበቂያ ጊዜ ማኒየንን ያስጨነቀችው ያቺው ጊዜ ናት። ስድቡ እውነት ቢሆን እንኳ ደሙ ቀዝቅዞ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ አያስቀርም። ስድቡ ሐሰት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ታሪኩን ካፈረሰበት በኋላ በችሎቱ የሚቀረው የቂሙና የአድፍጦ መጠበቁ ነገር ብቻ ነው፤ ይህም ክሱን ወደ 539፣ ወደ ከባዱ ግድያ፣ ወደ ዕድሜ ልክና ሞት የሚጎትት ነገር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይህን ለደንበኛሽ በግልጽ ንገሪው። ሕጉን ስታስረጂው ተስፋ የሚሰጠውን ክፍል ነግረሽው የሚያስፈራውን አስቀርተሽ ከሆነ ትምህርቱ ጎዶሎ ነበር።

ከፊልሙ የማትወስጂውንም ልንገርሽ፤ የትወናው ጣፋጭነት ብዙ ወጣት ጠበቃ አሳስቷልና። ቢግለር የሚከራከረው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን በሚወስኑ ዐሥራ ሁለት ዜጎች ፊት ነው። ሊሰሙት የማይገባ ነገር ይወረውራል፣ ዳኛው «ይህን እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት» ይላቸዋል። መኮንኑ ዘንበል ብሎ የሰሙትን እንዴት እንዳልሰሙ ሊቆጥሩት ይችላሉ ብሎ ሲጠይቀው፣ ቢግለር አይችሉም ይለዋል። ድንቅ ትዕይንት ነው፤ ላንቺ ግን አይጠቅምሽም። ያንቺ ዳኞች ፍርዳቸውን በምክንያት ጽፈው የሚፈርሙ፣ ይግባኝ ሰሚ የሚያነብባቸው ሰዎች ናቸው። ድምፅ ከፍ በማድረግና ጠረጴዛ በመምታት የሚገኝ ትርፍ የለም። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ዘመን የቢግለርንና ከሚሺጋን ዋና ከተማ ከላንሲንግ የመጣውን የዐቃቤ ሕጉን የዳንሰርን የቃል ግጥሚያ ቢያዩ ኖሮ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። እኔም ራሴ ጆርጅ ሲ. ስኮት ዳንሰርን ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ምስክር ሲጠጋ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን ያንን ተደሰቺበትና ተዪው።

ከዳንሰር አንድ ነገር ተማሪ፤ እርሱም ውድቀቱ ነው። ሜሪ ፒላንት የምትባል ወጣት ሴት የሎራን የተቀደደ የውስጥ ልብስ አግኝታ ለፍርድ ቤት ታመጣለች። ዳንሰር የሟች ውሽማ ነበርሽ፣ በቅናት ነው የመጣሽው በሚል አቅጣጫ ያፋጥጣታል። መልሱን ሳያውቅ ነው የሚጠይቃት። እርሷ ባርኒ ክዊል አባቷ እንደሆነ ትነግረዋለች። ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል። ይህንኑ ለማጣራት ወደ ድንበር ማዶ የነዳውን ያን ሽማግሌ አስታውሺ፤ አንደኛው ወገን ለመጠየቅ ነድቶ ሄደ፣ ሌላው በግምት ጠየቀ።

ዳኛውን ሳላነሣ አላልፍም። ዳኛ ዊቨርን ሆኖ የሚጫወተው ጆሴፍ ዌልች ተዋናይ አልነበረም፤ በ1954 በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ላይ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲን «ጨዋነት የሚባል ነገር ጨርሶ አልቀረዎትም?» ብሎ በመጠየቅ አገር ያወቀው ጠበቃ ነበር። ስለዚያ የውስጥ ልብስ ሲነሣ ችሎቱ በሳቅ ይፈነዳል። ዳኛው አይገሥጽም፤ ያስቃቸዋል፣ ከዚያ ይህ ልብስ የአንድ ሰው ሞትና የሌላው ሰው እስራት ያለበት ነገር ነውና ከአሁን በኋላ የሚያስቅ ነገር የለበትም ይላቸዋል። ሳቁ እዚያው ያልቃል። አንዳንዴ ከችሎት ውጪ ኮሪደር ላይ ወጣት ጠበቆች በመዝገብ ሲቀልዱ ስሰማ ይህን ሰው እመኛለሁ።

በዚህ ፊልም የማይወደድልኝ ነገር ቢኖር ሟቹ ነው። ባርኒ ክዊልን በሕይወት አናየውም። 160 ደቂቃ ሙሉ ስለ እርሱ ይወራል፣ ደፋሪ ነው ወይስ አይደለም ይባላል፣ እርሱ ግን ቃል የለውም። ሜሪ አባቴ ነው ስትል ብቻ ለአፍታ ሰው ይሆናል። ያንቺም ሟች እንደዚያው ነው። ደንበኛሽ አሁን «ሰደበኝ» ሲል መልስ መስጠት የማይችል ሰው ላይ ነው የሚናገረው፤ የሟች እናት ደግሞ ከችሎቱ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሰማሻለች። እውነት ሆኖ ካገኘሽው ተናገሪው፣ አትፍሪ፤ ሥራሽ ነው። ያልተባለን ስድብ በሞተ ሰው አፍ ውስጥ ማስገባት ግን ከሐሰት ምስክርነት ባልተናነሰ ይከብደኛል።

የፊልሙን መጨረሻ ብናገር ከስልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ነውና የሚቀየም አይኖርም። መኮንኑ አእምሮውን ስቶ ነበር ተብሎ በነጻ ይለቀቃል። ቢግለርና ፓርኔል ክፍያቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ሊያስፈርሙ ወደሚኖርበት ተጎታች ቤት ይሄዳሉ። ተጎታች ቤቱ የለም። የቀረችው ወረቀት ናት፤ ሊቋቋመው በማይችል ግፊት ተይዞ በድንገት መሄዱን ትናገራለች። ትምህርቱን በእርሱው ቃል መለሰለት ማለት ነው። እውነት አብዶ ነበር ወይስ አልነበረም? ሎራ በእውነት ተደፍራ ነው ወይስ ያበለዛት ባሏ ነው? ፕሬሚንገር አይነግረንም፤ እኔም ደጋግሜ አይቼው ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋም። ጠበቃ ሁሉን ሳያውቅ መሥራት ግዴታው ነው። ያወቀውን እንዳላወቀ መሆን ግን ግዴታው አይደለም።

አባትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። በአንድ እራት ላይ አሸንፈዋለሁ አትበይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ እንዳይጓደልበት ከመንግሥት ጠበቃ እንዲቆምለት ያዛል፤ አንቺ የዚያ ትእዛዝ ፈጻሚ ነሽ። መምህር ናቸውና ይህን ያውቁታል። የሚያስኮርፋቸው ሕጉን አለማወቅ አይመስለኝም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ነው። «ያለ ጠበቃ የተፈረደበትን ሰው ፍርድ ያምኑታል ወይ?» ብለሽ አንድ ጊዜ ጠይቂያቸውና ተያቸው። የደም ገንዘብ የሚሉሽም ከሆነ፣ የተከላካይ ጠበቃ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ኩርፊያው በሳቅ ይፈታል።

አሁን ችሎት ልቁም ወይ ላልሽው። ከላይ እንዳልኩሽ መርምረሽ ስድቡ እውነት ሊሆን ይችላል ብለሽ ካመንሽ፣ ማመን እንኳ ባይሆንልሽ ሐሰት መሆኑን ካላወቅሽ፣ አቅርቢው፤ መመዘኑ የዳኞች ነው። ደንበኛሽ ፊት ለፊት «ፈጥሬው ነው» ካለሽ ግን አታቅርቢውም፣ ያንን የሚያጸና ምስክርም አትጠሪም። ይህንኑ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ንገሪው። እርሱም ካለዚህ ታሪክ አይሆንም ካለ፣ ምክንያቱን ሳትዘረዝሪ መዝገቡ ለሌላ ተከላካይ እንዲመራ ኃላፊሽን ጠይቂ።

ይሁንና ወደዚያ ከመሄድሽ በፊት በደብዳቤሽ ውስጥ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽውን ነገር ላንሣልሽ። በዚያው ሌሊት በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ ብለሻል። ይህን ማን አስተማረው? ጠበቃ ገና አልነበረውም፣ አንቀጽ አልሰማም። በፊልሙም ማኒየን ከገደለ በኋላ አልሸሸም፤ የተጎታች ቤቶቹን ጠባቂ፣ የሕግ አስከባሪነትም ሥልጣን ያለውን ሰው፣ ቀስቅሶ «ክዊልን ገድያለሁና ያዘኝ» ነው ያለው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 82 ጥፋትን ማመን፣ እጅን ለሕግ መስጠት፣ የተበደለን መካስ ቅጣት ያቀላሉ። አንቺ ስለ ስድቡ እንቅልፍ ስታጪ ይህ ነገር መዝገቡ ውስጥ ተኝቷል። በዚያ ሌሊት በጣቢያው ተረኛ የነበረው ፖሊስ ማን እንደሆነ አጣሪ። የገባበት ሰዓት የተመዘገበበትን ገጽ ግልባጭ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ። ጣቢያው ከቦታው ምን ያህል ይርቃል? በመንገድ ላይ ያየው ሰው አለ? ሲደርስ ምን አለ፣ በራሱ ቃል? የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤት ለእርቅ ሄደው ከሆነም መቼና በእነማን በኩል እንደሆነ ጠይቂ። ይህን ሁሉ ከቀጠሮሽ በፊት ጨርሺ፤ የምስክሮችሽን ዝርዝር ስታስገቢ ተረኛው ፖሊስ የመጀመሪያው ይሁን።